ቅጠሉ በብርሃን፣ እግሩ በጨለማ፦ ቁራጭ ግንድ ሥር እንዲያወጣ ሆርሞንና ብርሃንን አመጣጥኖ መጠቀም

የጽጌረዳ ቅርንጫፍ ቆርጦ አፈር ውስጥ መሰካት ማንም ይችላል። ሃያ ሰክቶ አሥራ ስድስቱን ማጽደቅ ግን እውቀት ይጠይቃል። ሃያ ሰክተው ሁለት ሲጸድቅላቸው «እጄ ለተክል አይሆንም» ብለው የሚተዉ ብዙ ናቸው። ጥፋቱ ግን የእጅ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ሆርሞኑ ሥር ወደሚወጣበት ቦታ አልደረሰም፣ ወይም ከልኩ አልፏል። አለዚያም ብርሃን የሚያስፈልገው ቅጠል ተጨልሞበት፣ ጨለማ የሚያስፈልገው የቁራጩ እግር ብርሃን ላይ ተቀምጧል። ሆርሞንና ብርሃን ተለያይተው አይሠሩምና አንዱን ብቻ ማስተካከል በቂ አይሆንም።

ቁራጩ ውስጥ የሚሆነው

ሥር እንዲወጣ የሚያዘው ሆርሞን ኦክሲን ይባላል። ተክሉ ራሱ የሚሠራው ዋናው ኦክሲን ኢንዶል አሴቲክ አሲድ ሲሆን፣ በብዛት የሚመረተው በለጋ ቅጠልና በቀንበጥ ጫፍ ነው። ከዚያ ከሴል ወደ ሴል እየተላለፈ ወደ ታች ይወርዳል። የአወራረዱ አቅጣጫ በሴሎቹ አሠራር ስለተወሰነ ግንዱን ቢዘቀዝቁትም አይገለበጥም። ቅርንጫፉን ሲቆርጡት መንገዱ እዚያው ይቋረጥና የሚወርደው ኦክሲን ቁርጡ አጠገብ ይጠራቀማል። ውኃና ምግብ በሚያመላልሱት ቱቦዎች ዙሪያ ያሉ ሴሎች ይህን ክምችት ሲያገኙ እንደገና መከፋፈል ይጀምራሉ፤ ከእነሱም የሥር ጫፍ ተሠርቶ ቅርፊቱን ሰንጥቆ ይወጣል። ስለዚህ ቁራጭ ተገልብጦ ሲተከል ሆርሞኑ የሚከማቸው አየር ላይ በቀረው በቀድሞው ግርጌ ነው፤ አፈር ውስጥ የገባው ጫፍ ምንም አይደርሰውም። ስህተቱ የሚመስለውን ያህል ብርቅ አይደለም፤ በተለይ ቅጠል በሌላቸው የወይንና የበለስ ቁራጮች ላይ ያጋጥማል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የታችኛውን ሁልጊዜ አጋድመው፣ የላይኛውን ሁልጊዜ ቀጥ አድርገው ይቁረጡ።

እዚህ እውቀት ላይ የተደረሰው ብርሃንን በማጥናት መሆኑ ሊታወቅ ይገባል። ቻርልስ ዳርዊንና ልጁ ፍራንሲስ እ.ኤ.አ. በ1880 ባሳተሙት ጥናት፣ የሣር ቡቃያ ጫፉ ከተሸፈነ ከጎን ወደሚመጣ ብርሃን እንደማይታጠፍ አሳዩ። በ1920ዎቹ ኔዘርላንዳዊው ፍሪትስ ቬንት የአጃ ቡቃያ ጫፎችን ቆርጦ አጋር በሚባል የረጋ ጄሊ መሰል ነገር ላይ አስቀመጠ፤ ከጫፎቹ ወደ አጋሩ የገባው ነገር ብቻውን ግንድ እንደሚያጣምም አረጋገጠ። በ1935 ደግሞ በኒው ዮርክ የቦይስ ቶምፕሰን ተቋም ተመራማሪዎች ዚመርማንና ዊልኮክሰን ኢንዶል ቡቲሪክ አሲድ ቁራጮችን ሥር በማስወጣት ረገድ ብርቱ መሆኑን አሳወቁ። ዛሬ የሥር ማውጫ ዱቄት ተብሎ በሚሸጠው ውስጥ በብዛት የሚገኘው ይኸው ነው። ከዚህ በኋላ በአጭሩ አይቢኤ እንለዋለን። ተፈጥሯዊው ኦክሲን በብርሃንም በተክሉ ኢንዛይምም ቶሎ ይፈርሳል፤ አይቢኤ ግን ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ለችግኝ ሥራ የተመረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ኦክሲን ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት አንድ ነገር አለ። ሥር እንዲፀነስ የሚያስፈልገው መጠን፣ የተፀነሰው ሥር እንዲረዝም ከሚፈልገው እጅግ ይበልጣል። ለመፀነስ የረዳው መጠን ሳይቀንስ ከቆየ ሥሩ አጭርና ወፍራም ሆኖ ይቀራል። እንክር አድርጎ ወዲያው ማውጣት ቀኑን ሙሉ ዘፍዝፎ ከማቆየት የሚሻለው ለዚህ ነው፤ ቁራጩ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከፍ ያለውን መጠን ያገኛል፣ ከዚያ ራሱ እያፈረሰና ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር እያሰረ ይቀንሰዋል።

ሌሎቹን ሆርሞኖች በአጭሩ እንለፋቸው። ሳይቶካይኒን በብዛት ከሥር ጫፍ ወደ ላይ ይወጣል፤ በግንዱ ላይ ያሉት የቀንበጥ መውጫ ዓይኖች እንዲፈነዱ ይረዳል፣ አዲስ ሥር እንዳይፀነስ ግን ያግዳል። ጂበረሊንም ሥር መፀነስን ይከለክላል። ስለዚህ «የዕድገት ሆርሞን» የሚል ብቻ የተጻፈበት ዕቃ ሲያጋጥምዎ ውስጡ ያለውን ሳያነቡ ቁራጭ አይንከሩበት፤ ጂበረሊን ከሆነ ዓላማዎን ያፈርሰዋል። ኢቲሊን የሚባለው ጋዝ ደግሞ ኦክሲን ሲበዛ ይመረታልና ቅጠል ያረግፋል።

ወደ ብርሃን ስንመጣ ሦስት የተለያዩ ሥራዎችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ቅጠሉ ላይ የሚያርፈው ብርሃን በብርሃን አስተጻምሮ ስኳር ያሠራል፤ አዲስ ሥር የሚገነባውም ከዚህ ስኳርና በግንዱ ውስጥ ከተከማቸው ስታርች ነው። የቁራጩ እግር ላይ የሚያርፈው ብርሃን በተቃራኒው ሥር መፀነስን ያዳክማል። ሦስተኛው ሥሩ ራሱ ላይ የሚያርፈው ነው። ሥር ፎቶትሮፒን በሚባል ብርሃን ተቀባይ ፕሮቲን አማካይነት ሰማያዊ ብርሃን ይለያል፣ ለይቶም ይሸሻል። ይህን በቤትዎ ማየት ይችላሉ፤ የሰናፍጭ ዘር በወንፊት ጨርቅ ላይ አብቅለው፣ ሥሮቹ ውኃ ውስጥ እንዲንጠለጠሉ ጨርቁን ብርጭቆ አፍ ላይ ወጥረው፣ በአንድ ጎን ብቻ ቀዳዳ ባለው ካርቶን ይሸፍኑት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግንዱ ወደ ቀዳዳው፣ ሥሩ ደግሞ በተቃራኒው ታጥፈው ያገኟቸዋል።

ከየትኛው ተክል፣ የትኛውን ቅርንጫፍ

የእናት ተክሉ ሁኔታ ከሆርሞኑ ይበልጣል። በእድሜ የገፋ ዛፍ ጫፍ ላይ የተቆረጠ ቅርንጫፍ የፈለገውን ያህል አይቢኤ ቢነከር እንቢ ሊል ይችላል። ከዚያው ዛፍ ጉቶ የሚያቆጠቁጠው ለጋ ቀንበጥ ግን በቀላሉ ሥር ያወጣል። ስለዚህ ከወራት በፊት እናት ተክሉን ዝቅ አድርገው ይግረዙና አዲስ የሚመጣውን ይጠቀሙ። ከመቁረጥዎ በፊት ባሉት ሳምንታት ዩሪያ አያብዙበት፤ በናይትሮጅን የተፋፋ ቀንበጥ ለምለም ይሆናል እንጂ ስታርች አይኖረውም፣ እርጥበት ውስጥም ቶሎ ይበሰብሳል። ከመቁረጥዎ በፊት ባለው ቀን በደንብ ያጠጡት፣ ሲቆርጡም ማለዳ ይሁን።

ለጤና አዳምና ለየጥብስ ቅጠል ጫፉ ለስላሳ፣ ግርጌው ጠንከር ማለት የጀመረ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀንበጥ ይበቃል። ለጽጌረዳ አበባው ከረገፈ በኋላ እርሳስ የሚያህለውን ክፍል፣ ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ሦስት ወይም አራት አንጓ ያለውን ይውሰዱ። ወይንና በለስ ቅጠላቸውን ካረገፉና ከመቆጥቆጣቸው በፊት፣ ካለፈው ዓመት ዕድገት ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ይቆረጣሉ። እምቡጥና አበባ ካለ ሙሉ በሙሉ ይነሣ፤ ለሥር የሚሆነውን ስኳር ይበላል። ቅጠልን ግን ሙልጭ አድርገው አይላጩ። ለስላሳና ከፊል ጠንካራ ቁራጭ ቅጠሉን ሲያጣ የሆርሞኑንም የስኳሩንም ምንጭ ያጣል። ከላይ ያሉትን ሁለት ወይም ሦስት ቅጠሎች ይተዉ፤ ሰፋፊ ከሆኑ ውኃ በብዛት እንዳያተኑ እያንዳንዱን በግማሽ ይቁረጡ። የታችኛው ቁርጥ ከአንጓው ሥር ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይሁን። መቀሱ የሰላና በአልኮል የተጠረገ መሆን አለበት፤ የደነዘዘ መቀስ ግንዱን ይጨፈልቀዋል፣ የተጨፈለቀው ክፍልም ሥር ሳያወጣ ይበሰብሳል።

ቡና ለብቻው መታየት ይገባዋል። ቡና ሁለት ዓይነት ቅርንጫፍ አለው፤ ቀጥ ብሎ የሚወጣና ወደ ጎን የሚዘረጋ። ወደ ጎን ከሚዘረጋው የተቆረጠ ሥር ቢያወጣም ዕድሜውን ሙሉ ወደ ጎን ነው የሚያድገው፤ ዛፍ አይሆንም። ስለዚህ ቀጥ ያለውን ቀንበጥ ብቻ ይጠቀሙ፤ እናት ግንዱን ወደ መሬት አጉብጦ ማሰር ብዙ ቀጥ ያሉ ቀንበጦችን ያስወጣል። ቀንበጡን በየአንጓው ይለያዩት፤ ከአንጓው በታች 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ግንድ ይተዉ፣ ከአንጓው በላይ ግን ቅርብ አድርገው ይቁረጡ። ከዚያ በመካከሉ በርዝመቱ ሰንጥቀው አንድ አንድ ቅጠል ያላቸው ሁለት ቁራጮች ያድርጉት። እንደ አባቡና ያሉ የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው ድቅል ዝርያዎች ከዘራቸው ሲባዙ የእናታቸውን ባሕርይ አይጠብቁምና፣ በቁራጭ ማባዛት ለእነሱ ትልቅ ጥቅም አለው።

ሆርሞኑን መበጥበጥና መንከር

የተዘጋጀ ዱቄት ካገኙ ጥቅሉ ላይ ያለውን መቶኛ ያንብቡ። 0.1 በመቶ ለለስላሳ፣ 0.3 በመቶ ለከፊል ጠንካራ፣ 0.8 በመቶ ለጠንካራና ለአስቸጋሪ ግንድ የሚሆን ነው። ዱቄቱን ከዕቃው ውስጥ በቀጥታ አይንከሩበት፤ የሚበቃዎትን ያህል ወረቀት ላይ ያፍስሱ፣ የተረፈውን ወደ ዕቃው አይመልሱ። የቁራጩን እግር ውኃ ነክተው ታችኛውን 1 ሴንቲ ሜትር ዱቄቱ ውስጥ ይጫኑ፣ ከዚያ በጣትዎ መታ መታ አድርገው ትርፉን ያራግፉ።

ንጹሕ አይቢኤ ያገኘ ሰው ፈሳሹን ቢያዘጋጅ መጠኑን በትክክል ይቆጣጠራል። 1000 ፒፒኤም ማለት በ1 ሊትር ፈሳሽ ውስጥ 1 ግራም ማለት ነው። አይቢኤ በውኃ ብቻ አይሟሟም ለማለት ይቻላል፤ አልኮል ይፈልጋል። 1 ግራም አይቢኤ በወርቅ ሚዛን ይመዝኑ፣ በ70 ሚሊ ሊትር ባለ 70 በመቶ የፋርማሲ አልኮል ውስጥ እስኪጠራ ያማሱት፣ ከዚያ የተጣራ ውኃ ቀስ እያሉ ጨምረው 100 ሚሊ ሊትር ላይ ያድርሱት። ይህ 10,000 ፒፒኤም የሆነ ጥንስስ ነው። 1000 ፒፒኤም ለማግኘት ከጥንስሱ 10 ሚሊ ሊትር ወስደው 90 ይጨምሩበት፤ ለ2000 ሃያውን በ80፣ ለ3000 ሠላሳውን በ70። የሚጨምሩት ግን ንጹሕ ውኃ እንዳይሆን። አልኮልና ውኃ እኩል በእኩል የተቀላቀለ መሆን አለበት። በውኃ ብቻ ካቀጠኑት ፈሳሹ ወተት መስሎ ይደፈርሳል፤ ያ የሚታየው ነጭ ነገር ከፈሳሹ የወጣ አይቢኤ ነው፣ ቁራጭዎ የሚያገኘውም ያሰቡትን መጠን አይሆንም። ጄል የሆነ የእጅ ማጽጃ አይሠራም። ጓንት ያድርጉ፣ ከሰል ወይም ሻማ በተለኮሰበት ክፍል አይሥሩ። ጥንስሱን ጥቁር ወይም ቡናማ ጠርሙስ ውስጥ ማቀዝቀዣ ያስቀምጡት፤ በግልጽ ጠርሙስ መስኮት ላይ ከተቀመጠ ብርሃኑ ያፈርሰዋል። ማቀዝቀዣው የቤት ከሆነ ጠርሙሱ ላይ በጉልህ ይጻፉበት፣ ከልጆች እጅም ይራቅ።

መጠኑን በተመለከተ ለጤና አዳምና ለየጥብስ ቅጠል ከ500 እስከ 1000 ፒፒኤም ይበቃል፤ ያለ ሆርሞንም ይጸድቃሉ፣ ሆርሞኑ የሚያፋጥናቸውና ሥራቸውን የሚያበዛው ነው። ለጽጌረዳ ከ1000 እስከ 2000። ለወይንና ለበለስ ያለ ምንም ወይም 1000። ለቡና ከ2000 ይጀምሩ። ለዘይት ወይራ ከ3000 እስከ 4000 የተለመደ ነው። ስኳር ድንችና አኻያ አንጓቸው ላይ ሥር የመሥራት ዝግጅት ይዘው የሚኖሩ ስለሆኑ ገንዘብዎን አያባክኑባቸው።

አነካከሩ ይህ ነው። ፈሳሹን ትንሽ ብርጭቆ ውስጥ 1 ሴንቲ ሜትር ተኩል ከፍታ ያህል ያፍስሱ። የቁራጮቹን እግር አስተካክለው ለ5 ሰከንድ ብቻ ይንከሩ፤ አውጥተው አልኮሉ እስኪተን ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁና ይትከሉ። ሠላሳ ሰከንድ ማቆየት ስድስት እጥፍ ጥቅም አይሰጥም፤ አልኮሉ ራሱ ሕዋሱን ያደርቀዋል። ሥራው ሲያልቅ ብርጭቆው ውስጥ የቀረውን ወደ ጥንስሱ አይመልሱት።

ማር፣ ቀረፋና እሬት በሆርሞን ፈንታ ሲመከሩ ይሰማል። ማርና ቀረፋ ሻጋታን ሊቀንሱ ይችላሉ፤ ኦክሲን ግን አይደሉም፣ የኦክሲንንም ሥራ አይሠሩም። የአኻያ ቅርንጫፍ የተዘፈዘፈበት ውኃ ጥቂት ሊረዳ ይችላል፤ ይሁንና መጠኑ የማይታወቅ ስለሆነ ውጤቱም አይጨበጥም። አይቢኤ ካላገኙ ጊዜዎን በእነዚህ ላይ ከማጥፋት ለጋ ቀንበጥ መምረጥና ብርሃኑን ማስተካከል ይበልጥ ይክስዎታል።

መትከያውና ብርሃኑ

ሦስት እጅ የታጠበ የወንዝ አሸዋና አንድ እጅ የተነፋ፣ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ይቀላቅሉ። አሸዋውን ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ ይጠቡት፤ ደለል ከቀረበት አየር አይገባም። የፈላ ውኃ አፍስሰውበት እስኪቀዘቅዝ መተው የሻጋታን ጣጣ ይቀንሳል። ድብልቁን ጨብጠው ሲጨምቁት ከአንድ ሁለት ጠብታ በላይ ከወጣው ውኃ በዝቶበታል። ጥልቀቱ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ይሁን። በእርሳስ ወይም በእንጨት ቀዳዳ አበጅተው ቁራጩን እዚያ ያስገቡ፤ በቀጥታ ከጎተጎቱት ሆርሞኑ አሸዋው ላይ ይጠረጋል። ሁለት አንጓ ያህል (ባለ አንድ አንጓው የቡና ቁራጭ ግን ከአንጓው በታች ያለው ግንዱ) ይቀበር፣ ዙሪያውን በጣት ጠበቅ ያድርጉ፣ አንዴ ያጠጡ።

ዕቃው ብርሃን የማያሳልፍ መሆን አለበት። ጥቁር የፕላስቲክ ከረጢት፣ የቀለም ባልዲ፣ ቆርቆሮ ይሆናል። ሃይላንድ ጠርሙስ ቆርጠው የሚጠቀሙ ከሆነ እስከ አፈሩ ከፍታ ድረስ በጥቁር ፌስታል ወይም በፎይል ይጠቅልሉት። በውኃ ውስጥ ሥር የሚያስወጡ ሰዎችም እንዲሁ፤ ግልጽ ብርጭቆ ሥሩ ሲወጣ ለማየት ያመቻል፣ ነገር ግን ብርሃኑ እግሩን ይከለክለዋል፣ ውኃውም አረንጓዴ አልጌ ያበቅላል፣ አልጌውም ማታ ማታ ለሥሩ የሚሆነውን ኦክስጅን ይሻማዋል። የተጠቀለለው ልዩነት እንደሚያመጣ ከተጠራጠሩ ከአንድ ተክል 20 ቁራጭ ወስደው አሥሩን በተጠቀለለ፣ አሥሩን በግልጽ ብርጭቆ ያኑሩ፤ በአምስተኛው ሳምንት የሥሮቹን ብዛትና ርዝመት ይቁጠሩ። የራስዎ ቁጥር ከማንም ምክር በላይ ያሳምንዎታል።

ከላይ ያለው ብርሃን ደግሞ ለስለስ ያለ ይሁን። ሥር የሌለው ቁራጭ ያጣውን ውኃ መተካት ስለማይችል ቀጥተኛ ፀሐይ በሰዓታት ይጨርሰዋል። ድቅድቅ ጥላ ደግሞ ስኳሩን ያስቀርበታል፤ ቅጠሉ ቀስ በቀስ ይገረጣል፣ ይረግፋል። መለኪያ መሣሪያ ከሌለዎት በቀትር እጅዎን ከቁራጮቹ በላይ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ጥላውን ይመልከቱ። ጠርዙ የተሳለ ጥላ ከጣለ ብርሃኑ በዝቷል፤ ጥላው ደብዘዝ ብሎ ጣቶችዎን መለየት ከቻሉ ልክ ነው፤ ጥላ ከነጭራሹ ከሌለ አንሷል። በጥላ መረብ ለሚሠሩ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚከልል፣ ሥር ሲጀምር 50፣ ከመተከሉ በፊት 30 በመቶ የሚከልል ተስማሚ ነው። ቡና ከዚህ ትንሽ የበዛ ጥላ ይወዳል።

እርጥበቱን ለመጠበቅ በቀጭን ፕላስቲክ ይሸፍኑ፤ ፕላስቲኩ ቅጠሉን እንዳይነካ በሽቦ ወይም በሸምበቆ ቀስት ይወጠር። ውስጡ ጤዛ ከያዘ ውኃ አይጨምሩ። በየቀኑ ለአሥር ደቂቃ ገለጥ ያድርጉት። የተሸፈነ ዕቃ ፀሐይ ላይ ከዋለ ውስጡ እንደ ምድጃ ይግላልና ቦታውን ቀኑን ሙሉ ይከታተሉ።

የአፈሩ ሙቀት ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ሥር በፍጥነት ይፀነሳል። በአዲስ አበባና በመሰል ደጋዎች ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ቁራጩ አይሞትም፣ ሥራውን ግን ያቆማል። ዕቃውን ከሲሚንቶ ወለል ላይ አንሥተው ጣውላ ላይ ያስቀምጡ፣ ማታ በማዳበሪያ ጆንያ ይሸፍኑ። በሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ደመናው ብርሃኑን፣ ዝናቡ ሙቀቱን ይነሳል፤ ምርጫ ካለዎት በግንቦት መጀመሪያ ወይም መስከረም ሲጠባ ይጀምሩ። በቆላ ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ ጥቁር ከረጢት ቀጥተኛ ፀሐይ ሲመታው ጠርዙ ላይ ያለውን ሥር ይቀቅለዋል። ውጪው ነጭ ውስጡ ጥቁር የሆነ ከረጢት፣ ካልተገኘም ከረጢቶቹን አቀራርቦ ዙሪያቸውን አፈር ማስደገፍ ያድናል።

አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ሆነው ለቡናቸው ጤና አዳም በአፓርታማ የሚያበቅሉ ሰዎች በክረምት መስኮታቸው ላይ ያለው ብርሃን አይበቃቸውም። ነጭ የኤልኢዲ መብራት ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ሰቅለው በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ያብሩ፤ ሌሊቱን ጨለማ ይስጡት። የመስኮቱ ድንጋይ ስለሚቀዘቅዝ ዕቃውን ከሥሩ እንጨት ያንጥፉለት።

እንቢ ያለውን በጨለማ ማሳደግ

ቁራጩ ከመቆረጡ በፊት ግንዱ ብርሃን ካላየ ሥር የማውጣት ችሎታው በብዙ ይጨምራል። በጨለማ ያደገ ግንድ ገርጥቶ ይለሰልሳል፤ የሚያጠነክሩት ቃጫዎች ይሳሳሉ፣ ግንድን እንጨት የሚያደርገው ሊግኒን ይቀንሳል፣ ሴሎቹም ለኦክሲን ይበልጥ ይታዘዛሉ። ይህን ዘዴ ሰዎች ከሆርሞን ያነሰ ይሞክሩታል፤ የሚያሳዝን ነው፣ ወጪው አንድ ጥቅል የኤሌክትሪክ ቴፕና ጥቁር ጨርቅ ብቻ ስለሆነ።

የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አስቸጋሪ ዛፎች ላይ ያዳበሩት አካሄድ እንዲህ ነው። የተገረዘው እናት ተክል ማቆጥቆጥ ሲጀምር ጥቁር ጨርቅ በእንጨት ማገር ላይ ያልብሱት፤ ከታች በኩል አየር የሚገባበት ይተዉ። ቀንበጦቹ ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ሲደርሱ በግርጌያቸው 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህሉን በጥቁር ቴፕ ያስሩ፤ ቴፑ ቀንበጡን አንቆ እንዳይዝ። ከቴፑ ሥር ጥቂት የአይቢኤ ዱቄት ማድረግ ይቻላል። ከዚያ ጨርቁን በአንድ ሳምንት ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ ይግለጡ፤ በአንድ ቀን ከገለጡት የገረጣው ቅጠል ፀሐይ ይመታዋል። ከላይ ያለው ሲያረነጉድ የታሰረው ገርጥቶ ይቆያል። ከአራት ሳምንት ገደማ በኋላ ከቴፑ በታች ቆርጠው፣ ቴፑን አንሥተው፣ እንደ ማንኛውም ቁራጭ ነክረው ይትከሉ።

አቮካዶ የዚህ ትምህርት ዋና ምሳሌ ነው። ተራ የአቮካዶ ቁራጭ ሥር ማውጣት እጅግ ያስቸግረዋል። በካሊፎርኒያ በተጀመረው ዘዴ የሚፈለገው ዝርያ ቀንበጥ ከዘር በበቀለ ችግኝ ግንድ ላይ ይገጠምና ጨለማ ክፍል ይገባል፤ ገርጥቶ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ሲረዝም ወደ ብርሃን ይወጣል፣ ግርጌው ግን ወዲያው በአፈር ይከበብና ብርሃን ሳያይ ይቆያል። ሥሩ የሚወጣው ከዚያ ክፍል ነው። የሥር በሽታ የሚቋቋሙ ዝርያዎች ሳይለወጡ የሚባዙት በዚህ መንገድ ነው።

ሲበላሽ መንስኤውን መለየት

እግሩ ጠቁሮ ደርቆ፣ ሽታ ከሌለው ሆርሞኑ ወይም አልኮሉ በዝቶበታል፤ መጠኑን በግማሽ ይቀንሱ። ጠቁሮ ከላቆጠና ከሸተተ ብስባሽ ነው፤ ውኃው በዝቷል፣ አሸዋው አየር አጥቷል ወይም መቀሱ ቆሽሾ ነበር። እግሩ ላይ ነጭ፣ ስፖንጅ የመሰለ ትልቅ እብጠት ወጥቶ ሥር ከሌለ ብዙዎች ሥር መጣ ብለው ይደሰታሉ። ካለስ ይባላል፤ ቁስል የሚሸፍን ሕዋስ ነው እንጂ ሥር አይደለም። እብጠቱ ብቻውን ለሳምንታት ከቀጠለ ሙቀቱን ይፈትሹ፣ በሹል ምላጭ በጎኑ 2 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቅርፊት በስሱ ልጠው እንደገና ይንከሩ።

ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ፣ ዓይኖቹ ለረጅም ጊዜ ሳይፈነዱ ከቆዩ ኦክሲኑ ዓይኖቹን አፍኗቸዋል፤ ሥር ካለ ይታገሡ። ተቃራኒው ይበልጥ ያሳስታል፤ በወይንና በበለስ ላይ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለምለም ቅጠል ይወጣና ጸደቀ ይባላል፣ በአምስተኛው ሳምንት ግን ጠውልጎ ይሞታል። ቅጠሉ የወጣው በግንዱ ውስጥ በነበረው ስታርች ነው፤ ሥር አልነበረውም። ይህ የሚሆነው ከላይ ያለው አየር ሞቆ አፈሩ ሲቀዘቅዝ ነው።

ሥር መኖሩን ለማወቅ ቁራጩን እየነቀሉ አይዩ። በሁለት ጣት ያዝ አድርገው ወደ ላይ በስሱ ይሳቡት፤ ከያዘዎት ሥር አለ። የጥብስ ቅጠልና ጤና አዳም ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት፣ ጽጌረዳ ከአራት እስከ ስድስት፣ ወይንና በለስ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት፣ ቡና ከሦስት እስከ አራት ወር ይፈልጋሉ።

ሥሮቹ 3 ሴንቲ ሜትር ሲደርሱ ወደ ከረጢት ያዛውሯቸው። ሥራው ጥላ ውስጥ፣ በፍጥነት ይሁን፤ እርቃኑን ፀሐይና ንፋስ ያገኘው የሥር ጫፍ በደቂቃዎች ይደርቃል። የፕላስቲክ ሽፋኑን በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ያንሡ፣ ጥላውን ከዚያ በኋላ በሁለት ሳምንት። ማዳበሪያ ከፈለጉ ከተለመደው መጠን ሩቡን፣ አዲስ ቅጠል መውጣት ሲጀምር። በዚህ ጊዜ ተጨማሪ ኦክሲን መስጠት አያስፈልግም፤ አዲሶቹ ቅጠሎች ራሳቸው ያመርታሉ፣ ከውጭ የሚጨመረው የሥሩን መርዘም ያግታል። ጥላው ሳይነሣ ከሁለት ወር በላይ የቆየ ችግኝ ግንዱ ይመዘዛል፣ ሥሩ ግን ይቀጭጫል፤ ቅጠሉ በሌላ ቅጠል ጥላ ሥር ያለ መስሎት ምግቡን ሁሉ ወደ ላይ ለመሸሽ ያውለዋልና። ችግኙ ለመትከል መድረሱን የሚያሳየው ቁመቱ አይደለም፤ ከረጢቱን በጎኑ ቀደድ አድርገው ሲያዩት ነጫጭ የሥር ጫፎች አፈሩን አቅፈው መያዛቸው ነው።